ከደህነኛው ዓይን ጠርዝ

ደህነኛው ዓይኗም ቢጠፋስ? አዲስ አበባ ዶክተሯ «ጥያቄ አለዎት ወይ እማማ?» ስትለኝ አፌ ድረስ መጥታ የተመለሰች ጥያቄ ይቺ ናት። አውቶብስ ላይ አብራኝ ተሳፍራ መርሳ ቤቴ ድረስ ገባች። ሽንኩርት ስከትፍም፣ በር ስቀረቅርም፣ ዳዊቴን ስገልጥም እሷው ናት። መልሱን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ከሰው ሁሉ አብልጬ የምፈራበት ምክንያት ግን ነበረኝ፤ ያንን ደግሞ ለማንም አልተናገርሁም።

የልጅ ልጄ ሩት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ አልማዝ፣ የእኔው ልጅ፣ ስትሞት ሩት የአራት ዓመት ነበረች፤ ወንድሟ ደምሴ ዘጠኝ። ሁለቱንም እኔ አሳደግኋቸው። ደምሴ መርሳ አስፋልቱ ዳር ካለው ጋራዥ መካኒክ ነው። ሩት ከመርሳ ወረድ ብሎ ግራና በሚባለው ቦታ ካለው የችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። ሥራዋ ከጣፋጭ ብርቱካን ዛፍ ላይ አንዲት ቡቃያ ከነልጣጯ ቆርጦ ጎምዛዛ ሎሚ ግንድ ላይ መትከል ነው። ለዚሁ የምትሆን ትንሽ ቢላዋ አለቻት፣ ለማንም አታውሳትም። «ሩት የተከለችው አይደርቅም» ይላል አለቃዋ። እኔም ይህንን ለጎረቤት ሁሉ ደጋግሜ ስለማወራ ሩት ታፍርብኛለች።

አደጋው የደረሰው በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ሚካኤል ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበርና ግድግዳው ይቀባ አልሁ። ማንም አላስገደደኝም። ደምሴ ኖራውን በበርሜል በጠበጠው፤ ሩት ወንበር ላይ ወጥታ መቀባት ጀመረች። ወንበሩ ከዳት። ባልዲው እንዳለ ፊቷ ላይ ተደፋ።

ደምሴ ሮጦ በጆግ ውሃ ቀድቶ መጣ። እኔ ግን ያን ጠዋት ያየሁት ነገር ዓይኔ ላይ ነበር፤ ኖራው ውሃ ሲፈስበት እንደ ተጣደ ድስት ሲንተከተክ፣ በርሜሉ በእጅ እስከማይነካ ድረስ ሲግል። ልጅ ሆኜም ቤተ ክርስቲያኑ ሲቀባ እንዲሁ ሲፈላ አይቻለሁ። ኖራ ውሃ ሲያገኝ እንደሚፈላ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እንግዲህ ዓይኗ ውስጥ ሊፈላባት ነው ብዬ ጆጉን ከእጁ መትቼ ጣልሁት። ከዚያ አራስ የነበረችውን ጎረቤቴን ጽጌን ጠርቼ የጡቷን ወተት በሁለቱም ዓይኖቿ አንጠባጠብንላት። ወልድያ ከሐኪም ዘንድ እስክንደርስ ብዙ ሰዓት አለፈ።

እዚያ አንዷ ነርስ ወረቀት ይዛ ጠየቀችኝ። «ወዲያው በውሃ ታጥቧል?» ታጥቧል አልሁ። «የተረጨው አንዱ ዓይን ነው ሁለቱም?» ቀኙ ብቻ ነው አልሁ። ግራው ቀላ ከማለት በቀር ምንም አይመስልም ነበር። ለመዋሸት አስቤ አልነበረም ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። ነርሷ የነገርኋትን ጻፈች፤ ያ ጽሑፍ ሩት በሄደችበት ሁሉ አብሯት ይሄድ ጀመር።

ግራው በሳምንቱ ቅላቱ ለቆት ዳነ። ቀኙ ግን እየባሰው ሄደ፤ ነጩ ከነደም ሥሩ ጥቁሩ ላይ እየተሳበ ወጣበት፣ እንደ ወፍራም የወተት ስልባቦት ሸፈነው። ሩት ከዚያ ቀን የምታስታውሰው አንድ ነገር ነው። «ደምሴ ‹ውሃ ይዤልሻለሁ› ሲል ሰምቻለሁ። ውሃው ግን አልመጣም» ትላለች። እሱን ስትጠይቀው እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና «ደንግጬ ከእጄ ወደቀ» አላት። እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም። እሱም ማደሪያውን ጋራዡ ውስጥ አደረገ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ለእኔ ብቻ ሰላምታ እየሰጠ ከበር ይመለስ ነበር።

የወልድያው ሐኪም በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። በ2007 ኅዳር ዶክተር ገነትን ያየናት እንደዚህ ነው። ልጅ እግር ናት፣ ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ሩትን አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ብዙ ካየቻት በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ተምረዋል?»

«ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። በመሠረተ ትምህርቱም ጊዜ ሰፈሩን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሕዋስ የሚባል ነገር ሰምተዋል።»

«ሰውነት የተሠራበት ጡብ ነው ብሎ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሥሎልን ነበር።»

«ጡቡን የሚሠራውስ ማነው?»

«እሱን አልነገረንም።»

ሳቅ አለችና ወረቀት ላይ ክብ ሣለች። «ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበትን ይህን ጠርዝ ይዩ። የዓይን የላይኛው ልባስ በየቀኑ ይረግፋል፤ እኛ አይታወቀንም። የረገፈውን የሚተካው እዚህ ጠርዝ ላይ የተወለደው ነው፤ እየተሳበ ወደ መሐል ይሄዳል። እነዚህ ወላጆቹ ስቴም ሴል ይባላሉ። በእኛ ግንድ ሕዋስ ልንላቸው እንችላለን፣ ሌላው ሁሉ ከነሱ ስለሚበቅል። የሩት ቀኝ ዓይን ጠርዙ በኖራው ተቃጠለ። ወላጅ አጣ። ስለዚህ ነጩ መጥቶ ወረሰው።»

«ዳሩ ሲሞት አረም ገባበት በይኛ» አለች ሩት።

«ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?»

ሩት ነገረቻት። ዶክተሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ቡቃያና ስለ ልጣጭ፣ ቢላዋ ምን ያህል ጠልቆ መግባት እንዳለበት ሲያወሩ እኔን ረሱኝ። እኔ የምፈራውን ነገር ልጄ ከእኔ በፊት ገብታበት ነበር። ነገሩ ይህ ነው፤ ከግራው ዓይኗ ጠርዝ ሩቡን ያህል ቆርጠው ቀኙ ላይ ይተክሉታል።

«ከእኔ ውሰጂላት» አልሁ። «እኔ የማየውን አይቻለሁ።»

«የእርስዎን ሰውነቷ እንግዳ ነው ብሎ ይጥለዋል፣ እማማ። የራሷን ግን ያውቀዋል።»

«ደግሞ እምዬ» አለች ሩት፣ «ያንቺ ዓይን ከተተከለልኝማ በሩ ተቀርቅሯል አልተቀረቀረም እያልሁ ልኖር ነው።»

ዶክተሯ በዚህም አላበቃችም፣ እውቀቷን የማትሰስት ናት። ደማችን ራሱ አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ከእንዲህ ካሉ ሕዋሳት እንደሚወለድ ነገረችኝ። ውጭ አገር የደም ካንሰር የያዘውን ልጅ ከወንድሙ መቅኔ ሰጥተው ያድኑታል፤ በእሳት ለተቃጠለ ሰው ደግሞ ከገዛ ቆዳው ጥቂት ወስደው፣ አባዝተው ያለብሱታል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው አካል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሰባ ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ስዞር አላወቅሁትም።

«ለጉልበቴስ ይሆን ይሆን?» አልኋት።

«ለጉልበት ገና እየተመራመሩ ነው። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥልዎ ከመጣ፣ እሱ ሌባ ነው።»

በዚህ አነጋገሯ ይበልጥ ወደድኋት። የማይሆነውን አይሆንም የምትል ሐኪም ደስ ትላለች።

ቀጥላ ግን የወልድያውን ወረቀት አነሳች። «ኖራው ቀኙን ብቻ ነው የነካው ይላል። ልክ ነው? የሚሰጠው ዓይን ሙሉ ጤነኛ መሆን አለበት። በጥቂቱም ቢሆን ተጎድቶ ከነበረ፣ ከሱ ቆርጠን ሁለቱንም ልናሳጣት እንችላለን።»

«እኔ ያን ቀን ብዙም አላስታውስም፤ እምዬን ጠይቂያት» አለች ሩት።

«ቀኙ ብቻ ነው» አልሁ።

ለምን እንዲህ አልሁ? ሩት አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ስለ ቡቃያ እያወራች ፊቷ ፈክቷል። አንዱን እውነት ብናገር ሌላውም ተከትሎ ሊወጣ ነው። ቀጠሮው ለጥር ተጻፈ።

መርሳ ከተመለስን በኋላ ያቺ የነገርኋችሁ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። አንድ ቀን ምሳ አደርስልሻለሁ ብዬ ሩትን ተከትዬ ግራና ወረድሁ። ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ፣ ቢላዋው የት እንደደረሰ በጣቷ እየዳበሰች። በአንድ ዓይን ቅርብና ሩቁ አይለይም። በዚያ ሳምንት ከተከለቻቸው አሥራ አንዱ ደርቀውባታል፤ ሠርታ እንዲህ ሆኖባት አያውቅም። አለቃዋ ክፉ አልተናገራትም፣ ግን ከጥር በኋላ ወደ ውሃ ማጠጣቱ እንደሚያዛውራት ነግሯታል።

ቡቃያ የምትቆርጥባቸው ዛፎች ግንዳቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ከመካከላቸው አንዲት ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ፣ ፍሬዋ የከበዳት ብርቱካን ክር የላትም።

«ይቺን ምነው ተውሻት? ከሁሉ የምታምረው እሷ» አልሁ።

«ያቺ አምና ታማ ነበር፣ እምዬ። አሁን ደህና ትመስላለች። ከሷ ብቆርጥ ግን የተከልሁት አይዝም፣ የሷም ቁስል አይጠግግም፤ ሁለቱንም አጣለሁ።»

«ታማ እንደነበር በምን አወቅሽ?»

«አምና እኔ ዓይኔን ስታከም በቦታዬ የሠራችው ልጅ ጽፋልኝ ሄዳለች። ባትጽፍልኝማ በምን አውቃለሁ? እቆርጣት ነበራ።»

ምሳዋን አስቀምጬላት ተነሳሁ። ያቺን ክር የሌላትን ዛፍ ዞሬ እያየሁ ወደ መርሳ የሚሄደውን መኪና ልጠብቅ ወጣሁ።

ጥር ላይ ልንሄድ ስንል ደምሴ ሻንጣችንን ሊሸከም መናኸሪያ መጣ። ሩት ሻንጣዋን ከእጁ ሳትቀበል፣ ሌላ ትንሽ ቦርሳዋን አንስታ ወደ አውቶብሱ ገባች። እሱ ቅባት የነካ እጁን በሱሪው እየጠረገ ቆመ።

«እምዬ፣ ወረቀቶቹን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ደምሴ፣ ልነግራት ነው።»

«አሁን አታስደንግጪያት። ዓይኗ ይዳን እንጂ እኔ ምን እሆናለሁ።»

«ለዓይኗው ብዬ ነው።»

አልገባውም። ሻንጣውን ጣራ ላይ አስሮልን ጨርሶ፣ አውቶብሱ እስኪወጣ እዚያው ቆመ።

አዲስ አበባ የወንድሜ ልጅ አስፋው ቤት አረፍን። በማግስቱ ዶክተር ገነት የመጨረሻውን ምርመራ ልታደርግ አስገባችን። ሩት አገጯን መሣሪያው ላይ አሳርፋለች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አንስታ ልትጽፍ ስትል፣ «ከመቆረጡ በፊት የምነግርሽ አለ ልጄ» አልሁ።

«ኖራው ሁለቱንም ነክቷል። ግራውም ሳምንት ቀልቶ ነበር። ውሃም አላየ። ወንድሟ ውሃ ይዞላት መጥቶ ነበር፤ ከእጁ መትቼ የደፋሁት እኔ ነኝ። ዓይኗ ውስጥ የሚፈላ መስሎኝ። ለወልድያው ሐኪምም፣ ላንቺም ዋሸሁ።»

ሩት አልተንቀሳቀሰችም። አገጯ እዚያው መሣሪያው ላይ ነው፤ እጆቿ ብቻ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ «ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ልክ ነዎት» አለች። «ያ ግን ጥሬው ነው። የተበጠበጠው ፈልቶ የጨረሰ ነው፤ ውሃው ጠርጎ ያወጣላት ነበር። ጥሬውም እንኳ ቢሆን በብዙ ውሃ መታጠብ ነው ያለበት። ይህንን አገር ቤት ላሉት ሁሉ ይንገሩልኝ።»

ግራው ዓይን ላይ ቢጫ ነገር ጠብ አድርጋ፣ ሰማያዊ መብራት አብርታ ብዙ ቆየች። ጠርዙ በታች በኩል፣ የእህል ቅንጣት በምታህል ቦታ፣ ቀለሙን ይዞ ቀረ። እኔንም አጎንብሼ እንዳይ ፈቀደችልኝ። እዚያ ጋ ወላጆቹ ሳስተዋል፤ ላይ ላዩ ግን ሙሉ ነው።

«ሩቡን ወስጄ ቢሆን ኖሮ» አለችና ተወችው።

ቆየት ብላ ለሩት ነገረቻት። ሕንድ አገር ሄዳ የተማረችው ሌላ መንገድ አለ፣ ብዙም አልቆየም ከተጀመረ። ከጤነኛው ከላይኛው ጠርዝ ሰሊጥ የምታህል ብቻ ትወስዳለች። እሷኑ አሥር ቦታ ትቆራርጣታለች። ቀኙ ዓይን ላይ የወጣውን ልባስ ጠርጋ ታጸዳና፣ በላዩ ስስ ነገር አንጥፋ ቁርጥራጩን እንደ ዘር ትበትነዋለች። ከያንዳንዷ እየበቀለ ይገናኛል።

«ስሱ ነገር ምንድን ነው?» አልሁ፤ መጠየቅ ያለብኝ ሰው እንዳልሆንሁ እያወቅሁ።

«በሰላም ከተገላገለች እናት እንግዴ ልጅ ላይ የሚገፈፍ ልባስ። ታጥቦ፣ ተመርምሮ የተቀመጠ።»

እኛ እንግዴ ልጅ የምናውቀው ቀብረን ነው። እዚያ ግን አንዲት የማናውቃት ሴት ወልዳ፣ የልጇ ልባስ ለእኔ ልጅ ዓይን ማሳ ሊሆን ነው። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ በሥጋችን ውስጥ ሲያኖር፣ የሚያገኘውንም ልጅ አብሮ መፍጠሩ ይገርመኛል።

«አዲስ መንገድ ነው፤ ከፊተኛው ዘግይቶ ሊሠራ ይችላል። ላይሠራም ይችላል» አለች ዶክተሯ። «ደህናውን ግን አንጎዳውም። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

ሩት አገጯን ከመሣሪያው አነሳች። ወደ እኔ አላየችም። «ከሰሊጥ አታስበልጪ» አለቻት።

በማግስቱ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ስትወጣ ሁለቱም ዓይኖቿ ታሽገዋል። ግራው በሦስተኛው ቀን ተፈታ፤ ያቺ የተወሰደችበት ቦታ በሳምንት ውስጥ ራሷን ሞልታ ተዘጋች። ዶክተሯ በመሣሪያው ስታሳየኝ ቦታውን ፈልጌ አጣሁት። ሰው የወሰደበትን መልሶ የሚያበቅል ጓሮ በዕድሜዬ አላየሁም።

አንድ ወር ተኩል አስፋው ቤት ተቀመጥን። ጠብታውን በየሁለት ሰዓቱ የማደርገው እኔ ነኝ፤ እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ እየታጠብሁ። ሩት አንገቷን ቀና ታደርግልኛለች፤ «ሰዓቱ ደርሷል እምዬ»፣ «በቃ፣ ገብቷል» ትለኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም። ያልሁትን አላነሳችውም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንዴ ጠብታው ጉንጯ ላይ ሲወርድ ጠርጌላት፣ ጠብታው ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

ቀኙ ዓይን ቀስ እያለ ነቃ። መጀመሪያ የመስኮቱን ብርሃን አየ። ከዚያ የአስፋው ልጆች ጣታቸውን እያወጡ ሲያስቆጥሯት ሦስትና አራቱን ለየች። በአምስተኛው ሳምንት የነጠላዬን ጥለት ቀለም ነገረችኝ። ዶክተር ገነት በመሣሪያው አየችና ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። የተበተኑት አሥሩም ተገናኝተዋል። መሐሉ ላይ ስስ ጭጋግ ይቀራል፣ እሱ ጠባሳ ነው፣ ምናልባት አብሯት ይኖራል። ቅርብና ሩቁን ግን ትለያለች። «ሥራሽን ትሠሪያለሽ» አለቻት። ሩት የዶክተሯን እጅ ይዛ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታያቸው ቆየች።

የካቲት መጨረሻ ላይ መርሳ ገባን። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ጽጌ ልጇን አዝላ፣ እንጀራና ወጥ ሸፍና መጣች። ልጁ አሁን በእግሩ ይሄዳል። ሩት በላች። ጠብታዋን አደረግሁላት። ጽጌ ስለ ጉዞው እየጠየቀች፣ እኔ ስለ ሰሊጧና ስለ እንግዴ ልጁ እየነገርኋት፣ «ኧረ በእናትሽ» እያለች አፏን ይዛ ስትሰማኝ ቆይታ ሄደች። እኔና ሩት ብቻችንን ቀረን።

ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። በቀኙ ቤቱን ዙሪያውን አየች፤ ግድግዳውን፣ ሣጥኑን፣ ደጁን። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከአደጋው ወዲህ በዚያ ዓይን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ረዘም ያለ አስተያየት ነበር፤ ልትቆጣኝ ይሁን ልታዝንልኝ አልለየሁም። «ሩትዬ» ልል አፌን ከፈትሁ። ይቅር በይኝ ሳልላት ግን ቀደመችኝ።

መዳፏን አወረደች። ተነሳች። ፀሐይ ዓይኗን እንዳይመታት ዶክተሯ የሰጠቻትን ጥቁር መነጽር አደረገች፤ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። ወዴት ነሽ፣ መቼ ትመለሻለሽ፣ አስፋልቱ ላይ መኪና አለ፣ አቧራ አለ፤ ይህ ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። አንዱንም አላልሁ።

በሩን ሳትዘጋው ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆሜ አየኋት፤ የጽጌን አጥር አለፈች፣ አስፋልቱ ዳር ቆማ ወዲያና ወዲህ ተመለከተች፣ ተሻገረች። ከዚያ ዞር ሳትል ወደ ጋራዡ በሚወስደው በኩል ታጠፈች።